የሰሜኑ ብርሃን፣ የተኩላው ጭራና የጋምቤላ ሰማይ

 

የዛሬውን ርዕስ ያስመረጠን ከጋምቤላ ከተማ የደረሰን መልእክት ነው። ላኪዋ እናት ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ በሚባለው ግዛት ይኖራል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱብሒን ሰግደው ሻይ እንደጣዱ አንድ ተንቀሳቃሽ ምስል በስልካቸው ገባ። ጋምቤላ ላይ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ዐርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በምስሉ ላይ ሰማዩ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆኖ፣ ነፋስ እንደሚያወዛውዘው መጋረጃ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ምስሉ ከቤት ቤት ዞረ። አንዱ ጎረቤት «ይህማ የቂያማ ምልክት ነው፤ ልጁ ቶሎ ወደ አገሩ ይግባ» አለ። ሌላው ደግሞ «በኮምፒውተር የተቀነባበረ ነው» ብሎ አጣጣለው። እናታችንን ሁለቱም መልሶች አላረኳቸውም።

ስለዚህ ጠየቁን፦ ይህ ነገር ምንድን ነው? ልጄን ይጎዳዋል ወይ? እኛ ጋስ ለምን አይታይም? ከዚያ እንደ ዋዛ አንድ ነገር አከሉ። በረመዳን ለሰሁር ሲነሱ፣ ከመብራት ራቅ ካለው ግቢያቸው ሆነው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ፣ ሽቅብ የቆመ ነጣ ያለ ብርሃን ይታያቸዋል። «እሱስ ከዚያው ወገን ይሆን? እኔ እሱን ባየሁ ቁጥር መብላት አቆማለሁ፤ ተነሥቼም ሱብሒን እሰግዳለሁ» ይላሉ።

እኛ እንደ ዋዛ የተነገረችውን ይህችን የመጨረሻ ቃል ከሁሉም አስበልጠን ይዘናታል። ይሁን እንጂ ከሰሜኑ ብርሃን እንጀምርና ወደ እሷ እንመጣለን። ሁለቱንም የሚፈታው ቁልፍ አንድ ነውና። ሰማይ ላይ የታየ ብርሃን ምን እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቅርጹን፣ ቀጥሎም እንቅስቃሴውን ነው።

ከባግዳድ የሄደው መልእክተኛ ምን አየ?

ይህን ብርሃን በዓይናቸው አይተው ከጻፉልን የጥንት ሙስሊሞች አንዱ አሕመድ ኢብን ፈድላን ነው። የዐባሲያው ኸሊፋ አል-ሙቅተዲር በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ወደሚኖሩት የቡልጋሮች ንጉሥ ከላካቸው መልእክተኞች ጋር የተጓዘ ሰው ነው። ከባግዳድ የተነሡት በሰፈር ወር 309 ዓመተ ሂጅራ (921 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ንጉሡ ዘንድ የደረሱት በሙሐረም 310 (922 እ.ኤ.አ.) ነው። አገሩ ዛሬ በሩሲያ ውስጥ ታታርስታን በሚባለው ግዛት ይገኛል።

ኢብን ፈድላን እንደሚተርከው ገና በመጀመሪያዋ ምሽት የሰማዩ ዳርቻ ቀልቶ አየ። ከላይ ድምፅ ሰማ። ቀና ቢል እሳት የመሰለ ቀይ ደመና ከበላዩ ነበር። በደመናው ውስጥ የሰዎችና የፈረሶች መልክ፣ በእጆቻቸውም ቀስት፣ ጦርና ሰይፍ የያዙ የሚመስሉ ታዩት። ከወዲያ ማዶ ሌላ ተመሳሳይ ጭፍራ መጣ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ዘመተ፤ ተቀላቀሉ፣ ተለያዩ፣ ደግሞ ተቀላቀሉ። እሱና ጓደኞቹ ደንግጠው ወደ ዱዓ ገቡ። የአገሩ ሰዎች ግን በድንጋጤያቸው ሳቁ፤ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረምና። ንጉሡ ሲጠየቅም፣ አማኞቹና ከሓዲዎቹ ጂኖች በየምሽቱ የሚዋጉበት ነው ብለው አያቶቹ ይናገሩ እንደነበር ነገራቸው።

ኢብን ፈድላንን የምናደንቀው በዚህ ነው። ያየውን እንዳየው፣ የተነገረውንም እንደ ተነገረው ለይቶ አስቀመጠ። ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ እንቅስቃሴውንና ሰዓቱን በራሱ ስም ጻፈ፤ የጂኖቹን ነገር ደግሞ በባለቤቱ በንጉሡ ስም አኖረ። ከ1100 ዓመት በኋላ ጽሑፉን የሚያነቡ ምሁራን «ይህ ሰው ያየው የሰሜኑን ብርሃን ነው» ለማለት የቻሉት በዚህ ጥንቃቄው ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ምስል የምናስተላልፍ እኛስ? ብዙ ጊዜ ትርጓሜው ከምስሉ ቀድሞ ይደርሳል።

የአጎበሩ እጥፋት

የሰሜኑ ብርሃን በሳይንሱ ስም ኦሮራ ይባላል። በደቡብ ዋልታ አካባቢም ወንድም አለው። መነሻው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም የምትልከው፤ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችም ከእሷ ያለማቋረጥ ይፈልቃሉ። ፍጥነታቸው በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ይህንን «የፀሐይ ነፋስ» ይሉታል። አንዳንዴም ፀሐይ በአንድ ጊዜ ግዙፍ ዳመና አድርጋ ትተፋዋለች፤ ይህ ዳመና 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተጉዞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ እኛ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

ምድራችን ደግሞ በሆዷ ታላቅ መግነጢስ የተቀበረ ይመስል በማይታይ የመግነጢስ መስክ ተከባለች። መስኩ አብዛኛውን የፀሐይ ነፋስ ወደ ጎን ይገፈትረዋል። ከነፋሱም ጉልበት ያከማቻል። ያ ጉልበት ሲለቀቅ ቅንጣቶቹ የመስኩን መስመሮች ተከትለው በሁለቱ ዋልታዎች ዙሪያ ወደ ከባቢ አየር ይወረወራሉ፤ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋርም ይጋጫሉ። የተመታው አየር ያበራል። በሱቅ ደጃፍ የሚሰቀለው የኒዮን መብራት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት እንደሚያበራው ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ደመና ከሚደርስበት እጅግ በላይ ነው። ካርል ስቶርመር የተባለ የኖርዌይ የሒሳብ ሊቅ ከ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በሚያስደስት ዘዴ ለክቶታል። ራቅ ራቅ ባሉ ሁለት ቦታዎች ካሜራ ተከለና በስልክ እየተነጋገሩ በአንድ ቅጽበት ፎቶ አስነሡ። አንዱ ብርሃን በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ከኮከቦቹ አንጻር የተለያየ ቦታ ያዘ። ከልዩነቱ ከፍታው ተሰላ፤ የታችኛው ጫፉ ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን መንገድ ወደ ላይ አቁሙት፤ የመጋረጃው ጠርዝ እዚያ ነው።

ታዲያ ለምን መጋረጃ ይመስላል? ይህን ለማስረዳት ከአጎበር የተሻለ ነገር አላገኘንም፤ ጋምቤላ ውስጥ አጎበር የማያውቅ ቤት የለምና። አጎበሩ ተዘርግቶ ፊት ለፊት ስታዩት ወዲያ ማዶውን ያሳያችኋል። ታጥፎ በእጥፋቱ በኩል ስታዩት ግን ነጭና ወፍራም ይሆናል። ጨርቁ አልወፈረም፤ ዓይናችሁ በብዙ ድርብ ውስጥ እያለፈ ስለሆነ ነው። የሰሜኑ ብርሃንም እንዲሁ ስስ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ረጅም፣ ከጎን ሲታይ ግን ቀጭን። በሰማይ ላይ ደምቀው የሚታዩት ሸንተረሮች ብዙዎቹ በእጥፋቱ በኩል የምናያቸው ናቸው። የታችኛው ጠርዙ እንደ አጎበር ጠርዝ ጥርት ይላል፤ ላይኛው ግን እየሳሳ ይጠፋል።

በመጋረጃው ላይ ሽቅብ የተሰመሩ የሚመስሉ ጨረሮችም አሉ። እነዚህ የምድር መግነጢስ መስመሮች የሚያልፉበትን አቅጣጫ የሚያሳዩ ናቸው። ሱብሐነላህ! በዓይን የማይታየው መስክ በብርሃን ተጽፎ ይነበባል። ብርሃኑ ከአናታችን በላይ ሲመጣ ደግሞ ጨረሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ተሰብስበው አክሊል ይመስላሉ። የመዠንገርን ደን የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። በጥቅጥቅ ዛፎች መካከል በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሽቅብ ብትመለከቱ፣ እያንዳንዱ ግንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ሆኖ ሳለ ሁሉም ከላይ ሊገናኙ የሚያዘነብሉ ይመስላችኋል። አክሊሉም እንዲሁ ነው፤ ልዩ ዓይነት ብርሃን ሳይሆን ያንኑ መጋረጃ ከሥር ሆኖ ማየት ነው።

እንቅስቃሴውም ሥርዓት አለው። ከምሽቱ፣ ሰማዩ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ቅስት ሆኖ ይቆማል፤ ለረጅም ጊዜ ላይነቃነቅ ይችላል። ከዚያ በድንገት፣ ብዙ ጊዜ ወደ እኩለ ሌሊት ሲጠጋ፣ ይደምቅና ይፈነዳል። ቅስቱ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን ያዳርሰዋል። ኢብን ፈድላን የተፋጠጡ ጭፍሮች ያያቸው እንዲህ ያለውን ሰዓት ይመስላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግሞ መጋረጃው ተበጣጥሶ እዚህም እዚያም ብልጭ እልም የሚሉ ጥፍጥፍ ብርሃናት ይቀራሉ፤ በየጥቂት ሰከንዱ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የሚሮጠው አየሩ አይደለም። ግድግዳ ላይ የባትሪ ብርሃን ስታንቀሳቅሱ ግድግዳው እንደማይሄድ ሁሉ፣ እዚያም የሚለዋወጠው ቅንጣቶቹ የሚዘንቡበት ቦታ ነው።

ቀለሙ ሳይቀር ከእንቅስቃሴው ጋር የተያያዘ ነው። አረንጓዴው የኦክስጅን ብርሃን ነው፤ ኦክስጅኑ ተመትቶ እስኪያበራ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አረንጓዴው ጥርት ያለ ጠርዝ ኖሮት ይፈጥናል። ቀዩም የኦክስጅን ነው፤ ነገር ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አየሩ እጅግ በሳሳበት ቦታ የሚወጣ ሲሆን ተመትቶ እስኪያበራ ወደ ሁለት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ቅንጣቶቹ ሌላ ቦታ ሄደዋል። በዚህ ምክንያት ቀዩ ብርሃን ጠርዝ የለውም፤ እንደ ጭስ ተንሰራፍቶ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከታች በኩል የሚታየው ወይን ጠጅና ሮዝ የናይትሮጅን ነው፤ እሱ ሳይዘገይ ስለሚያበራ ከሁሉ ይፈጥናል።

ስለ ስልኩ ምስል

«የተቀነባበረ ነው» ያለው ጎረቤትም ፈጽሞ አልተሳሳተም ማለት እንችላለን። ብርሃኑ እውነተኛ ነው። ነገር ግን የስልክ ካሜራ በጨለማ ጊዜ ለብዙ ሰከንዶች ብርሃን እያጠራቀመ ስለሚያነሣ፣ ዓይን ግራጫ አድርጎ ያየውን አረንጓዴና ቀይ አድርጎ ያወጣዋል። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ምስሎች ደግሞ ፎቶዎች ተደርድረው የተፋጠኑ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፤ በምስሉ ላይ ኮከቦቹ ሲሄዱ ወይም መኪኖቹ እንደ መብረቅ ሲያልፉ ካያችሁ ተፋጥኗል ማለት ነው። ልጅዎ እንደገና ሲያጋጥመው፣ ከከተማ መብራት ወጥቶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዙርና በገዛ ዓይኑ ይመልከት። ያየውንም በቃሉ ይንገርዎ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም የታየው ግን ተራ አልነበረም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከታዩት የፀሐይ ማዕበሎች ሁሉ የበረታው ነበር፤ በአሜሪካ ደቡብ ጫፍ በፍሎሪዳ ሳይቀር ሰዎች ቀይ ሰማይ አይተዋል። ፀሐይ በ11 ዓመት ገደማ አንዴ የምትበረታበት ወቅት አላት፤ ይህም በዚያ ወቅት የሆነ ነው።

ጉዳቱስ? ከሥሩ ቆሞ ለሚያየው ሰው ብርሃኑ ምንም አያደርገውም። የሚጎዱት ሽቦዎችና መሣሪያዎች ናቸው። ማርች 13 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በካናዳ የኩቤክ ግዛት እንዲህ ያለ ማዕበል የኤሌክትሪክ መስመሩን ጥሎ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓት ያህል በጨለማ አድሯል። ስለዚህ፣ እናታችን፣ ልጅዎ በዚህ ምክንያት ሥራውን ጥሎ የሚመጣበት ነገር የለም።

የቂያማውን ወሬ በተመለከተ ዲናችን መንገዱን ቀድሞ አሳይቶናል። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋርዳ ነበር። ሰዎች «ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ተአምራት ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ነገሯቸው፤ ወደ ሶላትና ወደ ዱዓም አመለከቷቸው። ልጅ የሞተበት አባት በዚያ ቀን ይህን ማለቱን ልብ በሉ። የሰማይን ነገር ለራስ ታሪክ መተርጎም ከማንም ይልቅ ለእሳቸው ይቀል ነበር።

ካርቱም ደርሶ ጋምቤላ ያልደረሰው

እኛ ጋ ለምን አይታይም ወደሚለው እንምጣ። በጋምቤላ በኩል የሚያልፈው የባሮ ውሃ ወደ ሶባት ገብቶ፣ ነጭ ዓባይን ይዞ፣ ካርቱም ይደርሳል። ያቺ ካርቱም ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1872 እ.ኤ.አ. የኦሮራ ብርሃን የታየባት ከተማ ናት። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1864 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በአክሱም የነገሡት በዚያው ወር ነበር። በዚያች ሌሊት የተነሣው ማዕበል በታሪክ ከተመዘገቡት እጅግ ብርቱዎች አንዱ ሲሆን ብርሃኑ በሕንድ ቦምቤይም ታይቷል። እንዲህ ወደ ደቡብ ርቆ ሲታይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ቀዩ ነው። ለምን ቢሉ፣ ቀዩ ከሁሉ ከፍ ብሎ ስለሚበራ፣ ረጅም ሰው ከአጥር ማዶ እንደሚታይ፣ ከሩቅ ብቅ ይላል።

የጋምቤላን ሰማይ የሚለየው ግን ርቀቱ ብቻ አይደለም። የምድርን የመግነጢስ መስመሮች በሁለት ችካል መካከል ከፍ ብሎ እንደተወጠረ ቅስት ገመድ አስቡት። በችካሎቹ በኩል፣ ማለትም በዋልታዎቹ፣ ገመዱ ቁልቁል ወደ መሬት ይወርዳል። በመካከል ግን ጋደም ይላል። ያ መካከል የመግነጢስ ወገብ ሲባል በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ አዲስ አበባም ሆነ ጋምቤላ ከእሱ ብዙ አይርቁም። በዋልታው በኩል ያለ ቅንጣት ገመዱን ይዞ ይወርዳል። በእኛ ላይ ያለው ግን ገመዱን ቢከተል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይወርድም። በነፃ የተንጠለጠለ የኮምፓስ መርፌ በሰሜን አገሮች አፍንጫውን ወደ መሬት ሲደፋ በእኛ አገር አግድም የሚተኛውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ሰማያችን ባዶ ነው ማለት አይደለም። በዚሁ የመግነጢስ ወገብ ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። በ1950 ዓ.ም ገደማ፣ የዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ከተፈለገባቸው ነገሮች አንዱ የዚህን ጅረት አሻራ በመግነጢስ መለኪያ መከታተል ነው። ጅረቱ በዓይን አይታይም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ከዚያ ከፍታ እጅግ በላይ ያለው ኤሌክትሪክ ያዘለ አየር እንደሚፈላ ውሃ አረፋ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ይህም የሬዲዮን ሞገድ ያውካል። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ያደጋችሁ አድማጮች፣ ከመግሪብ በኋላ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲርቅና ሲመለስ ሰምታችኋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። የሰሜን ሰዎች የሚያዩት ነገር ሩቅ ዘመድ በእኛ ዘንድ በጆሮ ይሰማል ብንል ብዙ አልተጋነነም።

ጋምቤላ ላይ ቀይ ሰማይ ከታየ እንግዲህ ሌላ ነገር ይፈለግ። በበጋ ሣሩ ሲቃጠል የእሳቱ ነጸብራቅ ጭሱንና ደመናውን ያቀላዋል፤ ይህ ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ አቅጣጫ፣ እሳቱ በሄደበት የሚሄድ ነው። በክረምት ደግሞ ነጎድጓዱ የማይሰማ የሩቅ መብረቅ ደመናውን ከውስጥ ብልጭ ያደርገዋል። ተሰልፈው የሚያልፉ ነጠብጣብ ብርሃናት ካያችሁም ሳተላይቶች ናቸው።

የተኩላው ጭራ

አሁን ወደ ሰሁሩ ብርሃን። እናታችን ያዩት የሰሜኑ ብርሃን አይደለም። ዑለማኦቻችን ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥተው የሚያውቁት ነገር ነው፤ «አል-ፈጅሩል ካዚብ»፣ ሐሰተኛው ፈጅር ይባላል። ፈጅር ሁለት እንደሆነ በሐዲስ ተነግሯል። አንደኛው እንደ ተኩላ ጭራ ሽቅብ የሚቆመው ነው፤ እሱ ምግብን አይከለክልም፣ የሱብሒን ሶላትም አያስገባም። ሁለተኛው በአድማስ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋው ሲሆን ምግብን የሚከለክለው፣ ሶላትንም የሚያስገባው እሱ ነው። ሁለቱ የተለዩት በምን እንደሆነ ተመልከቱ፤ በቅርጻቸው ነው።

የሥነ ፈለክ ምሁራን ይህ ቋሚ ብርሃን ከምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። በፕላኔቶች መካከል እጅግ ደቃቅ ትቢያ ተበትኖ ይገኛል፤ ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ሳለች ብርሃኗ በዚያ ትቢያ ላይ ያርፍና ይመለሳል። ትቢያው የሚገኘው ፕላኔቶቹ በሚዞሩበት ጠፍጣፋ መደብ ላይ ስለሆነ ብርሃኑም ከሥሩ ሰፋ፣ ከጫፉ ሾጠጥ ብሎ ያንኑ መደብ ይከተላል። በሰሜን አገሮች ይህ መደብ ብዙ ጊዜ ወደ አድማስ ተኝቶ ብርሃኑ በጉም ይዋጣል። በእኛ በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን ቀና ብሎ ስለሚቆም ጨረቃ በሌለበት፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ጉልህ ሆኖ ይታያል። ሚኒሶታ ያለው ልጅ በሰሜኑ ብርሃን ቢታደል፣ ጋምቤላ ያሉት እናት በዚህኛው ከእሱ ይበልጥ ታድለዋል።

እንቅስቃሴውስ? ይህ ብርሃን አይወዛወዝም፣ አይቀላም፣ ወደ ጎንም አይስፋፋም። ከኮከቦቹ ጋር ቀስ ብሎ ከፍ ከማለት በቀር ባለበት ይቆማል። እውነተኛው ፈጅር ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከጋምቤላ በስተምሥራቅ፣ በኢሉባቦር ደጋ ተራሮች አናት ላይ፣ አግድም የተሰመረ ቀጭን ንጣት ይታያል። በየደቂቃው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይረዝማል፣ ወደ ላይም ይወፍራል፤ በኋላ ቢጫና ቀይ ይገባበታል። አንዴ ከጀመረ አይመለስም። የተኩላው ጭራም በዚህ ንጣት ውስጥ ሰምጦ ይጠፋል።

በሱረቱል በቀራህ ስለ ነጩና ስለ ጥቁሩ ክር የተነገረውን ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ.) በሰማ ጊዜ ሁለት ክሮች ትራሱ ሥር አድርጎ እነሱን እስኪለይ ይጠብቅ ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የተፈለገው የሌሊቱ ጥቁረትና የቀኑ ንጣት እንደሆነ አስረዱት። በመዲና ሁለት አዛን እንደነበርም እናውቃለን። የእኛው ቢላል (ረ.ዐ.) ገና ሌሊት ሳለ አዛን ያደርግ ነበር፤ ሰዎች ግን ኢብን ኡሚ መክቱም አዛን እስኪያደርግ መብላታቸውን እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል።

ለእናታችን ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ሁለት ፈርጅ አለው። ያን ብርሃን አይተው መብላት ያቆሙባቸው ቀናት ጾማቸው አልተጎዳም፤ ቀድሞ ማቆም ጾምን አያበላሽም። ያን ብርሃን አይተው ወዲያው የሰገዱት ሱብሒ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሶላት ወቅቱ ሳይገባ አይሰገድምና። ከዚህ በኋላ ሰሁራቸውን ረጋ ብለው ይብሉ፤ ለሶላቱ ግን ንጣቱ ወደ ጎን እስኪዘረጋ ወይም የመስጊዳቸው አዛን እስኪሰማ ይጠብቁ። ያለፈውን በተመለከተ በአቅራቢያቸው ያሉትን ኢማም ቢያማክሩ ይሻላል። ይህን የምንለውም እያንዳንዱ ሰው በየግቢው ፈጅርን እያወጀ ጀመዓውን ይበትን ለማለት አይደለም። ደመና፣ ጭስ፣ ጨረቃና የመንገድ መብራት ዓይንን ያታልላሉ፤ የሰዓት ሰሌዳና ሙአዚን ያስፈለጉት ለዚህ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ በጋምቤላ፣ በኢታንግና በአካባቢው ላላችሁ ቤተሰቦች አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከአራት ዲግሪ በላይ ርቃ ትገኛለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ፀሐይ ጋምቤላ ላይ ከአዲስ አበባ ከ16 እስከ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች፤ በዚያው ልክ ዘግይታ ትጠልቃለች። ሰሁር ላይ ከአዲስ አበባ የሚተላለፍን አዛን ሰምቶ የሚያቆም ሰው ጥቂት ጉርሻ ከማጣት በቀር የሚጎድልበት የለም። በመግሪብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአዲስ አበባ በሬዲዮ አዛን ሲሰማ በባሮ ድልድይ ላይ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ቴምሩን አፉ ያደረሰ ጾመኛ በዚያች ሰዓት ወደ ምዕራብ ይመልከት፤ ብርሃኗ በውሃው ላይ ካለ ቴምሩን ይመልሰውና የከተማውን አዛን ይጠብቅ።